ከትርፉ አልፎ ዋናውን

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከአንድ ዓመት በፊት ያነጋገሯቸውን የአዲስ አበባ ቤተሰቦች በስልክ መልሰው ጠየቁ። ኮቪድ-19 ከተማዋ ከገባ አምስት ወር ሞልቶታል። ከተጠያቂዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገቢያቸው መቀነሱን ተናገሩ። ስለ ማዕዳቸው የሰጡት መልስ ግን ሌላ ነበር፤ የሚመገቡት መጠንም ሆነ ዓይነት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲተያይ ያን ያህል አልጎደለም።

ላይ ላዩን ላነበበው ይህ ግኝት የምሥራች ነው። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ጥያቄ ያስነሳል። ገቢው ከቀነሰ፣ ገበታውም ካልጎደለ፣ መሀል ላይ ያለውን ክፍተት የሞላው ምንድን ነው? ለልጅ መማሪያ የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ የደረሰ ዕቁብ ነው፤ ከዘመድ የተገኘ ብድር ነው፤ ለብዙ ሺህ አነስተኛ ነጋዴዎች ደግሞ የንግዳቸው ወረት ነው። ትርፉ ሲጠፋ ዋናው ተበላ። የወረርሽኙን ጉዳት በሥራ አጥ ቁጥርና በረሃብ መለኪያ ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ሳያገኘው የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰዉ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ የሚሠራበትን ገንዘብ ግን ይዞ አልተመለሰም።

የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ስፖርታዊ ውድድሮችና ትልልቅ ስብሰባዎች ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ እንዲሠራ ተነገረው። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ።

እንደ ሩዋንዳ ወይም እንደ ደቡብ አፍሪካ ሕዝቡን ሁሉ ቤቱ ያስቀመጠ ትእዛዝ ግን አልወጣም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በወቅቱ ያቀረቡት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ቤት የሌላቸው ዜጎች ባሉበት፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን በየዕለቱ በሚፈልግበት አገር ባለጸጎቹ እንዳደረጉት ሁሉን መዝጋት አይቻልም። ውሳኔው ትክክል ነበር። የሚያስተቸው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገበያው በአዋጅ ስላልተዘጋ ነጋዴው አልተጎዳም የሚል ስሜት አደረ። ሱቁ ክፍት ነው፤ ገዢው ግን የለም። በትእዛዝ የተዘጋ ሱቅ ቢያንስ ካሣ የሚጠይቅበት አፍ አለው፤ በገበያ መቀዝቀዝ የተዘጋው ግን ጥያቄውን የሚያቀርብለት አካል እንኳ አልነበረም።

የትምህርት ቤቱን መዘጋት ብቻ ነጥሎ ማየት ይበቃል። በየግቢው በር ላይ ቆሎ፣ ብስኩትና ማስቲካ የሚሸጡ እናቶች በአንድ ቀን ገዢያቸውን አጡ። ተማሪ የሚያመላልሱ የሰርቪስ ሹፌሮች ወርሃዊ ክፍያቸው ቆመ፤ የመኪናው ዕዳ ግን አልቆመም። ዩኒፎርም ሰፊው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ፣ በሰዓት የሚከፈለው አስጠኚ፣ የካፌው አስተናጋጅ ሁሉ በአንድ በር ዙሪያ የተኮለኮሉ ነበሩ። የግል ትምህርት ቤቶች ከወላጅ ከ50 እስከ 75 በመቶ ክፍያ ብቻ እንዲሰበስቡ ሲወሰን ለወላጁ ፋታ ሆነ፤ ክፍተቱ ደግሞ በመምህራንና በጽዳት ሠራተኞች ደመወዝ ላይ አረፈ። ልጆቹ ቤት ስለዋሉም ብዙ ሴቶች ሥራ ቢኖርም ወጥተው የሚሠሩበት ዕድል ጠበበ። ይህ ሁሉ በየትኛውም የኢኮኖሚ ድጋፍ ዝርዝር ውስጥ የትምህርት ቤት መዘጋት ያስከተለው ኪሳራ ተብሎ አልተጻፈም።

የጀበና ቡና ንግድ አካሄዱን ለሚያውቅ፣ ዋናው እንዴት እንደሚበላ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። ንግዱ የሚጀመረው በጥቂት ገንዘብ ነው፤ ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦት፣ ጥቂት በርጩማ፣ ከሰል፣ ቡናና ስኳር። ጠዋት የተገዛው ቡና እስከ ማታ ይሸጣል። ከሽያጩ የነገው ቡናና ከሰል ይነሣል፤ የዕቁቡ ይቀመጣል፤ የቀረው እራት ይሆናል። ደንበኞቹ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ የታክሲ ሾፌሮችና በአካባቢው ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቢሮው ሲዘጋ፣ በአንድ በርጩማ ተጠጋግቶ መቀመጥም ሲያስፈራ፣ በቀን ሃምሳ ስኒ ይሸጥ የነበረበት ቦታ አሥር ስኒ ቢሸጥ እንኳ ከሰሉ ያው መንደዱ አይቀርም፤ ቤት ኪራዩም ያው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዕቁቡ ይዘለላል። በሁለተኛው ከሰፈሩ ሱቅ ዱቤ ይጠየቃል። በሦስተኛው ለነገ ቡና መግዣ የተቀመጠው ብር ለዛሬ ዘይት ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ንግዱ አለ ለማለት ይከብዳል፤ ዕቃው ግን አልጋ ሥር ተቀምጧል። በዚያ ሰሞን ጠያቂ ቢመጣ ባለቤቷ ሥራ አጥ ነኝ አትልም፤ ቡና ነው የምሸጠው ትላለች።

ዕቁቡም ራሱ ተናግቷል። ዕቁብ የሚቆመው ሁሉም በየተራው ስለሚጥል ነው። ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ተጠቅሞበታል፤ ያልደረሰው ደግሞ ወሩን ሙሉ ጥሎ ተራውን ይጠብቃል። የጣዮቹ ገቢ አንድ ላይ ሲቆም፣ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ዕጣ የሚወጣለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ መጨረሻ ላይ ለመድረስ የሚፈልገው ገንዘቡን እንደ ቁጠባ የሚያየው ጥንቁቁ ሰው ነው። አንድ ሰው ሲታመም ወይም አንድ ሱቅ ሲቃጠል የሚያነሣ ሥርዓት፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲወድቅ የሚያነሣበት አቅም አይኖረውም። ዕድሮች ለችግረኛ አባሎቻቸው ያደረጉት እገዛ፣ በማዕድ ማጋራት የተሰበሰበው እህልና ዘይት፣ ከተማ አስተዳደሩ ያቋቋማቸው የምግብ ባንኮች ለብዙ ቤት ደርሰዋል፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ግን የሰጡት ምግብ ነው። ምግቡ በርግጥ ዋናው ከመበላት እንዲተርፍ የረዳበት ቤት አለ። ያለቀን ወረት መልሶ የሚሞላ ግን አልነበረም።

የታክሲው ስሌት ደግሞ ሌላ ነው። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ ስድስት እንዲጭን ሲደረግ ታሪፉ በእጥፍ ተፈቀደ። በወረቀት ላይ ሲታይ ባለታክሲው አልከሰረም። መንገድ ላይ ግን ሁለት ነገር ተከሰተ። አንደኛ፣ ተሳፋሪው ራሱ ቀንሷል፤ ቢሮ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ስለዚህ ስድስቱን ለማግኘትም ሰልፍ ላይ መቆም ግድ ሆነ። ሁለተኛ፣ በእጥፍ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሲታይ፣ ከቤት ሆኖ መሥራት የማይችለው ነው። ከሰሚት ወይም ከአያት ተነሥቶ መርካቶ የሚሸከም ሰው፣ ከቆሼ አካባቢ ቦሌ ድረስ ልብስ ልታጥብ የምትሄድ ሴት፣ ሕንፃ ሥር የሚውል የቀን ሠራተኛ። የራሱ መኪና ያለው ለተወሰነ ጊዜ በታርጋ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ እየተባለ ቀን ቢቆጠርበትም ከኪሱ የወጣ ተጨማሪ ገንዘብ የለም። የርቀት ሕጉ ዋጋ ሙሉ በሙሉ የተጫነው በድሃው መንገደኛ ላይ ነው። ከቀን ገቢው የትራንስፖርቱ ድርሻ ሲያይል አንዳንዱ በእግሩ መሄድን መረጠ፤ አንዳንዱ ጭራሽ ወደ ሥራ መውጣቱን ተወ።

ከዚያ የከተማዋ ትልቁ የአትክልት ገበያ ተነሣ። ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ መተፋፈጊያ ነውና በሚያዝያ ወር ወደ ጃን ሜዳ እንዲዛወር ተደረገ። ሐሳቡ ከጤና አንጻር ምክንያታዊ ነበር፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ አየሩም ክፍት ነው። ግን ጃን ሜዳ ለጥምቀት የተዘጋጀ ሣር ያለበት መስክ እንጂ ገበያ አይደለም። መጋዘን የለውም፣ ጥላ የለውም፣ መሬቱ አልተነጠፈም። ክረምቱ ሲገባ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በጭቃ ላይ ዋለ። አትክልት የሚያድር ሸቀጥ አይደለም። ከመቂና ከዝዋይ በሌሊት የተጫነ ቲማቲም ጠዋት ካልተሸጠ በማግስቱ ዋጋው ይወርዳል፣ በሦስተኛው ቀን ይጣላል። ጅምላ ነጋዴው ኪሳራውን ለቸርቻሪ ያካፍላል፤ በየሰፈሩ ጉልት የምትቸረችረው ሴት ግን የምታካፍለው የላትም። ጃን ሜዳ ሄዳ ለመግዛት የምትከፍለው ትራንስፖርት በእጥፍ ሆኗል፤ የምትገዛው ከወትሮው ያነሰ ነው፤ የምትሸጥላቸው ጎረቤቶቿም ገቢያቸው ቀንሷልና ግማሽ ኪሎ ይጠይቃሉ። ገበያው ከጥምቀት 2013 በፊት ከሜዳው ተነሥቶ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደተሠራለት ቦታ ሄደ። ለጅምላ ነጋዴው የተሻለ ስፍራ ነው። መሐል ከተማ ላሉ ቸርቻሪዎች ግን መንገዱን አርዝሞባቸዋል። ወረርሽኙ ጊዜያዊ የተባለውን ውሳኔ ሁሉ ጊዜያዊ አድርጎ እንዳላስቀረው የሚያሳይ ጉዳይ ነው።

ስለ ቁጥሮቹ። የዓለም ባንክ በሚያዝያና በግንቦት 2012 መግቢያ ላይ ከሦስት ሺህ በላይ ቤተሰቦችን በስልክ ጠይቆ ነበር። ከመቶ ስምንት ያህሉ ተጠያቂዎች ወረርሽኙ ከጀመረ ወዲህ ሥራቸውን እንዳጡ፣ ከግማሽ በላይ ቤተሰቦችም ገቢያቸው እንደቀነሰ ወይም ጨርሶ እንደተቋረጠ ተናገሩ። በተመሳሳይ ወቅት በአዲስ አበባ ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች ላይ በተደረገው ጥናት 42 በመቶዎቹ ሙሉ በሙሉ ሥራ አቁመው ተገኙ። በቀጣዮቹ ወራት በተደረጉት ዙሮች ብዙዎቹ ተመልሰው ከፈቱ፤ ሥራ ያጣውም ሰው አብዛኛው ወደ ሥራ ገባ።

እነዚህ ጥናቶች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ በግምት ብቻ ነበር የሚወራው። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የስልክ ጥናት ስልክ ያለውን ነው የሚያገኘው፤ በገጠርና በደሃ ሰፈር ስልክ የሌለው ቤት ብዙ ነው። የድርጅቶቹ ጥናት ደግሞ የተመዘገበውን ነው የሚያውቀው፤ ሱቅ በደረቴ፣ ሊስትሮ፣ ቆሎ ሻጭ፣ ጫኝና አውራጅ በየትኛውም መዝገብ የሉም። ከዚህም በላይ፣ ሥራ ገባ የሚለው መልስ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ቀድሞ የራሷ ሱቅ የነበራት ሴት ወረቷ አልቆ በሰው ቤት እንጀራ ብትጋግር በጥናቱ ሥራ አላት ተብሎ ይመዘገባል። ጥያቄው አልተሳሳተም፤ እሷ ግን ከባለንግድነት ወደ ቅጥር ወርዳለች።

መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መጋቢት 18 ቀን ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር እንደሚለቀቅ ተገለጸ። በሚያዝያ ወር እስከ 2007 ዓ.ም. ያለ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ ከ2008 እስከ 2011 ላለው ዕዳ ወለድና መቀጫው ተነሣ፤ ሥራ ቢያቆሙም ለሠራተኛ ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች ደግሞ የአራት ወር የደመወዝ ግብር ተማረ። ለሆቴልና ለቱሪዝም ዘርፍ በ5 በመቶ ወለድ ብድር ተመቻቸ። አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር በአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ ተከለከለ።

እያንዳንዱን መልሶ ሲያዩት ግን አንድ ነገር ተደጋግሞ ይመጣል። የባንክ ገንዘብ የሚደርሰው ማስያዣ ላለው ተበዳሪ ነው። የግብር ምሕረት የሚጠቅመው ግብር ከፋይን ነው፤ ዕዳ ያጠራቀመውን ደግሞ በወቅቱ ከከፈለው ይልቅ ይጠቅመዋል። የደመወዝ ግብር ምሕረት የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላለው ነው። የማሰናበት ክልከላው የሚያግዘው የሥራ ውል ያለውን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ አውጥቶ ወደፊት በሚወጣ ደንብ እንዲታዩ ነው የተዋቸው። በሽታ ያመጡብናል በሚል ፍርሃት በአንድ ቀን ከበር የተመለሱት የቤት ሠራተኞችና ተመላላሽ ልብስ አጣቢዎች ለማን አቤት ይበሉ? አገሪቱ የሥራ አጥነት መድን የላትም፤ ከሥራ የወጣ ሰው የሚያገኘው ውል ካለው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው፣ ከሌለው ምንም።

ለከተማው ድሃ በቀጥታ ገንዘብ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ በ11 ከተሞች ይሠራ የነበረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት። ተጠቃሚዎቹ ከጽዳትና ከአረንጓዴ ልማት ሥራቸው እንዲያርፉ ተደርጎ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተሰጣቸው። ይህ ከወረርሽኙ ዘመን ውሳኔዎች ሁሉ ብልሁ ነው ማለት ይቻላል፤ ተዘርግቶ የቆየ መስመር ስለነበረ ብሩ በፍጥነት ደረሰ። ነገር ግን መስመሩ የተሠራው ከመጋቢት 2012 በፊት ድሃ ተብለው ለተመዘገቡ ነው። በየካቲት ራሷን ችላ የምትኖር፣ በግንቦት ወረቷን የጨረሰች ነጋዴ በዝርዝሩ ላይ አልነበረችም፤ ልትገባ የምትችልበት በርም አልተከፈተም።

ኪራዩም ሌላ ጣጣ ነበር። በወቅቱ በርካታ የሕንፃ ባለቤቶች የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ ማሩ፤ ዜናቸውም በየመገናኛ ብዙኃኑ ተሰማ። ስማቸው ሊነሣ የሚገባ ደግ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው ጥቃቅን ነጋዴ የሚከራየው ከሕንፃ ባለቤት አይደለም። የግቢ በር ላይ የተሠራች ቆርቆሮ ሱቅ፣ የቤት በረንዳ፣ የኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ነው የሚይዘው፤ አከራዩም ብዙ ጊዜ በዚያ ኪራይ የሚኖር ጡረተኛ ወይም መበለት ነው። አንዱ ሲምር ሌላው ይራባል። በእንዲህ ያለ ግንኙነት ውስጥ ክልከላ ብቻውን የሚያዛልቅ አይሆንም፤ የሁለቱንም ቤት የሚደጉም ሦስተኛ እጅ ያስፈልግ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ሐዋሳ አለች። በሐምሌ 2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ነበሩት። የመነሻ ደመወዛቸው 2011 ላይ በወር 26 ዶላር ገደማ፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር አካባቢ ነበር፤ በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ አልተቀመጠም። በአውሮፓና በአሜሪካ የልብስ መደብሮች ሲዘጉ ትእዛዞች ተሰረዙ፤ ከፊሉ ሠራተኛ ደመወዝ እየተከፈለው እንዲያርፍ፣ ከፊሉ እንዲሰናበት ተደረገ። ሴቶቹን በስልክ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ሥራ ያጡት ብዙዎቹ ወደ ገጠር መመለሳቸውን፣ የምግብ ዋስትና ችግሩም ከፍተኛ መሆኑን አገኙ። አንዲት ክፍል ሦስትና አራት ሆኖ ተከራይቶ በ750 ብር የሚኖር ሰው የሚያስቀምጠው ነገር ስለማይኖረው፣ የሚበላ ዋናም አልነበረውም። የእነሱ መጠባበቂያ የወላጆቻቸው ማሳ ነው። ገበሬው ደግሞ በዚያው ዓመት ከአንበጣ መንጋ ጋር ይታገል ነበር። አንዳንድ ፋብሪካዎች ጭምብል ወደ መስፋት ዞረው ሥራቸውን አቆዩ፤ ትእዛዙም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በኅዳር 2014 ግን የፓርኩ ዋና ደንበኛ ፒቪኤች ለቆ መውጣቱን አሳወቀ፤ በታኅሣሥ 23 ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ታገደች። ከወረርሽኙ የተረፈው ሥራ በሰሜኑ ጦርነት መዘዝ ተመታ።

ላሊበላም እንዲሁ። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ መስቀልና ነጠላ ሻጩ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ ሁሉ በውጭ ጎብኚ የሚያድሩ ነበሩ። በረራው ሲቆም አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቁ፤ ከዚያ በሐምሌ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ። የአበባ እርሻዎች በንጽጽር ቶሎ አገገሙ። በመጋቢት የኔዘርላንድሱ የአልስሜር ጨረታ ገበያ አበባ ሲጥል የነሆለታና የነዝዋይ እርሻዎችም ምርታቸውን ለመድፋት ተገደው ነበር፤ በግንቦት ገበያው ተመለሰ።

ጉዳቱ በባሕር ማዶም በኩል መጥቷል። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መግቢያ ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ተመለሱ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዲቆም እስኪጠይቅ ድረስ። ሰኔ 2012 አካባቢ በቤይሩት የሊባኖስ ሊራ የረከሰባቸው አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄዱ፤ ያልተከፈለ የወራት ደመወዝ እንደያዙባቸው። ለነዚህ ሴቶች መመለስ ማለት ባዶ እጅ መግባት ብቻ አይደለም፤ በየወሩ በሚልኩት ገንዘብ ይንቀሳቀስ የነበረ የእናት ሱቅ፣ የወንድም ትምህርት፣ ያልተከፈለ የደላላ ዕዳም አለ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉት ወገኖች ታሪክ ግን የተለየ መልክ ነበረው። ምግብ ቤቶቹ ተዘጉ፣ የኤርፖርት ታክሲውና የመኪና ማቆሚያው ሥራ ቀዘቀዘ፤ ነገር ግን የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ በግሉ የሚሠራ ሾፌር እንኳ የሥራ አጥ ድጎማ አገኘ፤ እስከ ሐምሌ 2012 ድረስም በሳምንት 600 ዶላር ተጨማሪ ተከፈለው። ሠራተኛ ላላሰናበተ ምግብ ቤትም ብድሩ የሚሰረዝበት አሠራር ተዘረጋ። ከዚያ ድጎማ ላይ ተቀንሶ ለካዛንቺስና ለኮልፌ ቤተሰብ የተላከ ገንዘብ እንደነበረ መገመት አይከብድም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ፣ አንዱን መንግሥት ደግፎታል፤ ሌላውን የደገፈው ወንድሙ ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በጳጉሜ 2012 አበቃ። ከዚያ በኋላ ነበር ወረት የመመለስ ትግሉ የጀመረው፤ ጊዜው ደግሞ የከፋ ነበር። የዋጋ ግሽበቱ በዓመት 20 በመቶ ገደማ ይሄድ ስለነበር፣ በየካቲት 2012 አንድ ጆንያ ሽንኩርት ያነሣ የነበረ ብር ከዓመት በኋላ ያንኑ አያነሣም። ሁለት ሺህ ብር ወረቷን የበላች ነጋዴ ወደነበረችበት ለመመለስ ሁለት ሺህ አራት መቶ ማግኘት ነበረባት፤ ያውም ሌላ ምንም ሳይጎድልባት። በጥቅምት ወር መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ የመንግሥትም የለጋሽም ዓይን ወደዚያ ዞረ። አነስተኛ የቁጠባና ብድር ተቋማት ብድር ቢሰጡም ብዙውን ጊዜ የቡድን ዋስ ይጠይቃሉ፤ ዋስ የሚሆኑት ደግሞ ራሳቸው የተጎዱት ጓደኞች ናቸው። የኢትዮጵያ ይፋዊ የሟቾች ቁጥር ከ7,500 ትንሽ በልጦ ቆመ፤ በኑሮው በኩል የደረሰው ጉዳት ግን ይፋዊ ቁጥር እንኳ የለውም።

ሌላ መንገድ ይቻል ነበር ወይ ለሚለው መልስ የሚሰጠው ከቶጎ የመጣ ተሞክሮ ነው። አዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ባወጣችበት በዚያው ዕለት ቶጎ ኖቪሲ የተባለ የገንዘብ ድጋፍ ጀመረች። በጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለምርጫ የተዘጋጀው የመራጮች መዝገብ የእያንዳንዱን ሰው ሥራና አድራሻ ይዞ ነበር። መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደር ሰው በተራ ስልክ ቁጥር ደውሎ መታወቂያውን ሲያስገባ፣ ለሴት በወር 12,250፣ ለወንድ 10,500 የሴፋ ፍራንክ በስልኩ ይደርሰዋል። ለሴቶች የበለጠው የታሰበበት ነው፤ የቤቱ ወጪ በእጃቸው ስላለ። ቶጎ ከኢትዮጵያ የበለጠች ባለጸጋ አገር አይደለችም። የነበራት የስልክ ገንዘብና ሥራው የተጻፈበት ዝርዝር ነው።

በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ አገልግሎቶች ነበሩ፤ ተጠቃሚያቸው ግን ጥቂት ነበር። ቴሌብር የመጣው ግንቦት 2013 ነው፤ ዛሬ የጉልት ነጋዴዋ ሳትቀር ሽንኩርቷን በቴሌብር ትሸጣለች። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም በሚሊዮኖች እጅ ገብቷል። የጎደለው ሦስተኛው ነው። ሊስትሮው፣ ቡና ሻጯ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ተመላላሽ ልብስ አጣቢዋ በየወረዳው ሥራቸው ከነሥፍራው የተጻፈበት መዝገብ የለም። የጎዳና ነጋዴን ስም መንግሥት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ደንብ አስከባሪ ዕቃውን ሲይዝበት ነው። በመሆኑም ነጋዴው መመዝገብን የሚፈራበት ምክንያት አለው፤ መዝገቡ ለግብርና ለማባረር እንጂ ለድጋፍ ሲያገለግል አላየም። ምዝገባው ከግብርና ከደንብ ማስከበር ተለይቶ፣ በሴፍቲኔቱ መዋቅር ሥር፣ ዕድሮችና የሴቶች ማኅበራት እያገዙት ቢካሄድ ሥራው ከአቅም በላይ አይሆንም። የሚያስፈልገው ገንዘብም በመጋቢት 2012 ለባንኮች ከተለቀቀው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።